ባዶ ነው ወይ?

አፌ ውስጥ ሁልጊዜ ሚስማር ስላለ ሰዎች ዝምተኛ ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ሚስማር ባይኖርም ብዙ አልናገርም ነበር። ሥራዬ ከባድ ዕቃ ማሸግ ነው፤ በጭነት ግቢው ጥግ፣ ከሚዛኑ ጎን ባለችው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ማንም አላስተማረኝም። የተሰበረ ሣጥን ሲመለስ ለምን እንደተሰበረ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው የተማርኩት። ሰው ሲናገርም እንደዚያው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በግቢው ውስጥ «የሰማውን የማይጨምር፣ የማይቀንስ» ይሉኛል፤ ይህ ስም ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም።

ያን ሐሙስ ጠዋት አንድ ወንድምና እህት አንድ የመኪና ሞተር ይዘው መጡ። አብረው መጡ ለማለት ግን ይከብዳል። እሱ ሞተሩን በፒክአፕ ጭኖ በዋናው በር ገባ፤ እሷ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወትፋ በእግረኛው በር። እሱ መካኒክ ነው፤ ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ጥቁረት አብሮት የተወለደ የሚመስል። እሷ አሥር ዓመት ያህል ታንሰዋለች፤ በሌላ ከተማ ሚኒባስ ትነዳለች። ዝም ብላ ስትቆም እንኳ አንድ እግሯ ፍሬን ላይ ያለ ይመስላል።

«ጋሼ» አለችኝ፤ «ለዚህ ሰውዬ ንገርልኝ። ሲያወርድ ቀስ ይበል።»

ሰውዬው ከእኛ ሦስት እርምጃ አይርቅም።

«በላት» አለኝ እሱም እኔን ብቻ እያየ፤ «ይሄን ሞተር ስምንት ወር ነው በእጄ ያቀፍኩት። ቀስ ማለትን ከእሷ አልማርም።»

«በለው፤ ስምንት ወር የፈጀው እጁ ስለሚንቀረፈፍ ነው።»

«በላት፤ የሚንቀረፈፍ እጅ ነው እንግዲህ ሥራዋን የሚያተርፍላት።»

ሚስማሩን ከአፌ አወጣሁ። «ሁለታችሁም ትሰማላችሁ'ኮ» አልኳቸው።

«እኔ ከእሱ ጋር አልነጋገርም» አለች።

«እኔስ መቼ አናገርኳት?» አለና ወደ ፒክአፑ ዞረ። ሲዞር ለራሱ የሚያጉረመርመውን ሰማሁት። «ጋሼ ትላለች። ወንድሟን ትታ፣ የማታውቀውን ሰው ጋሼ።»

ነገሩን ከስድባቸው መሃል እየለቀምኩ ነው የተረዳሁት። ሞተሩ የሟች አባታቸው ሚኒባስ ሞተር ነው። የመኪናው አካል ዝጎ አልቋል። ሞተሩን ግን መካኒኩ፣ አባቱ ታመው በተኙባቸው ወራት፣ ከመኝታ ክፍላቸው ፊት ለፊት ባለው ጋራዥ ውስጥ አንድ በአንድ ፈትቶ እንደ አዲስ ገጥሞታል። አባትየው ሲያርፉ አጎታቸው «ጋራዡ ላንተ፣ ሞተሩ ለእሷ» ብሎ ቆረጠ። እሷ ደግሞ የምትነዳው መኪና ሞተሩ ተቃጥሎ ቆሟል። የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን ማመላለስ ነው እንጀራዋ፤ ፋብሪካው እስከ ሰኞ ጠዋት ታግሷታል። ሰኞ በር ላይ ካልተገኘች መስመሩ ለሌላ ሹፌር ይሰጣል። የጭነት መኪናው ዛሬ ስድስት ሰዓት ይወጣል፣ ቅዳሜ ይደርሳል፣ ሞተሩ እሑድ ይገጠማል። ቀጣዩ ጭነት ከሳምንት በኋላ ነው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ካለፋት አለቀላት ማለት ነው።

«መኪና ለብቻዬ የምይዝበት አቅም የለኝም፤ ከሰው ዕቃ ጋር ተዳብሎ ይሂድልኝ» አለችኝ። «ሣጥኑንም ቤተ መንግሥት አታድርግብኝ።»

ሞተር ሲታሸግ ትልቁ ስህተት በሆዱ ማስተኛት ነው። ከሥሩ ያለችው የዘይት ገንዳ፣ መካኒኮች ኮፓ የሚሏት፣ ስስ ቆርቆሮ ናት፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ካረፈባት የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ትጨፈለቃለች። ስለዚህ ከሥር ሁለት ወፍራም ግንድ አጋድሜ፣ ሞተሩን መኪናው ላይ በሚቀመጥባቸው እግሮቹ በብሎን አስረዋለሁ፤ ኮፓዋ ከእንጨቱ ሁለት ጣት ከፍ ብላ አየር ላይ እንድትቀር። ከዚያ ቀበቶ፣ በአራት ማዕዘን፣ እስኪያቃስት። ግድግዳ አያስፈልገውም። ሙሉ ሣጥን ይከብዳል፣ ቦታ ይበላል፤ ሰው የሚከፍለው ደግሞ ለቦታው ነው። አራት ቋሚና አንድ ክዳን በቂ ነው፤ ሌላ ዕቃ እንዳይደረብበት። እንጨቱም አዲስ መሆን የለበትም። ከፈረሰ ሣጥን የወጣ፣ ሚስማሩ ተነቅሎ የተቃና፣ ሥራውን ይሠራል።

እጄን ግንዱ ላይ አሳርፌ ሥራ ስጀምር የምላትን አጭር ጸሎት አልኩ። ሳይሰበር ይግባ የምትል ናት። ከዚያ መሰርሰሪያዬን አነሣሁ።

ሁለቱ በእኔ በኩል መናከሳቸውን ቀጠሉ። እኔም እንደ ስልክ ሽቦ መሃላቸው ተዘርግቼ አስተላልፋለሁ።

«ጋሼ፣ ዲናሞው የታለ? ጠይቅልኝ።»

«ዲናሞው የታለ ትላለች» አልኩ።

«ሞተሩን ስጣት ነው የተባልኩት። ዲናሞ አልተባለም። ማስነሻው ሞተሪኖም አልተባለም። የተባለውን ፈትቼ አምጥቻለሁ፤ ያልተባለው እቤቱ ቀርቷል።»

«ሞተሩ ብቻ ነው የተባለው ይላል።»

«በለው፤ የራሴ አለኝ! የማንንም ደጅ አልጠናም! ብሎኖቹንስ ለምን ተዋቸው? እነሱም አልተባሉም'ኮ።»

«ቀደም ብላ ብታስታውሰኝ ኖሮ እነቅላቸው ነበር በላት።»

«ቀለሙንም ፋቀው በለው!»

መካኒኩ ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረ። እኔ ቀዳዳዎቹን እየደፈንኩ ነበር። ዲናሞው ከተነሣበት ጎን የአንዲት ቀጭን የዘይት ቱቦ ቀዳዳ አፏን ከፍታ ቀርታለች፤ እንደ ሌሎቹ አቧራ እንዳይገባባት በጨርቅ ወተፍኳት፣ በላዩ ላይ ላስቲክ ጠቀለልኩ። በግቢያችን ተዳብሎ የሚሄድ ሞተር ውስጡ ዘይት ሊኖር አይፈቀድም። ይህንን ቅድም ለሴትየዋ ነግሬያት ነበር፤ ስደፍን ስታየኝ ትዝ አላት።

«ባዶ ነው ወይ በልልኝ» አለች።

ዞር ብዬ «ባዶ ነው ወይ?» አልኩት።

ሰውዬው ልቡ ገና ዲናሞው ላይ ነበር። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነሣ። «ባዶ ነው! ባዶ ነው በላት! ምን ተሸክሞ እንዲሄድላት ፈልጋ ነበር?»

«ባዶ ነው» አልኳት።

የጭነት ወረቀቱ ላይም ጻፍኩ፦ ባዶ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድ ቃል አልቀነስኩም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጭነት ተጀመረ። ጭነቱን የሚያዘው ሰው ሚዛን ነው የሚባለው፤ ዕቃ ገና ከሩቅ ሲያይ ኪሎውን በዓይኑ ስለሚናገርና ብዙም ስለማይስት። የመኪናው ሆድ እስከ ወገቡ የተማሪ ደብተር በያዙ ካርቶኖች ተሞልቷል። ሞተሩ ከካርቶኖቹ አጠገብ የተተወለትን ቦታ ሊይዝ ነው። ፎርክሊፍቱ አነሣው፣ አስጠጋው፣ ሊያስቀምጠው ሹካውን ወደ ፊት ጋደል አደረገ። ያኔ ከላስቲኩ ሥር አንድ ነገር ሲያብረቀርቅ አየሁ። ቀጥሎ ጠብታ። ቀጥሎ ክር የሚያህል ፈሳሽ፣ ዝም ብሎ፣ ሁለት ካርቶን ላይ።

«አቁም! አቁም! መልሰው!» ሚዛን ጮኸ። «ደብተር ነው የጫንኩት፣ የልጆች ደብተር! ዘይት አጠጡልኝ አልኳችሁ? አውጡልኝ ይሄን በድን!»

ሞተሩ ተመልሶ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። እህትየዋ ፈሳሹን በጣቷ ነካች፣ አሸተተች። ያኔም ቢሆን ወደ ወንድሟ አልዞረችም፤ ወደ እኔ ነው የዞረችው።

«ጋሼ፣ ለዚህ ምቀኛ ንገርልኝ! ሆን ብሎ ነው! ሰኞ እንዳልደርስ፣ መስመሬን እንድነጠቅ! ሆዱን በዘይት ሞልቶ ባዶ ነው አለ!»

«ማነው ዘይት የለውም ያለ?» መካኒኩ ከሚዛን በላይ ጮኸ። «ባዶ ነው አልኩ! ዲናሞ የለው፣ ሞተሪኖ የለው፤ ባዶ ሞተር ነው! እስቲ ጠይቃት፣ አዲስ የተገጠመ ሞተር ያለ ዘይት መንገድ የሚሰድ መካኒክ አለ? ውስጡ ዝጎ ይድረስላት? የማን ልጅ እንደሆነች ረስታዋለች ወይ በላት!»

ባዶ። በመካኒኩ አፍ፣ ላዩ ላይ ምንም ያልታሰረበት ማለት ነው። በሹፌሯና በእኔ ጆሮ፣ ውስጡ ምንም የሌለበት። አንዲቷን ቃል ከአንዱ ተቀብዬ ለሌላው ሳቀብል፣ ምን ተሸክማ እንደምትሄድ አልጠየቅኩም። ደግሞ እኮ መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር። ከኮፓዋ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጎ ማየት ነው፤ ሁልጊዜ የማደርገው ነገር። ያን ቀን ጆሮዬን አመንኩና እጄን ተውኩት። ጸልዬ ነበር፤ ብሎኗን ግን አልነካኋትም።

«ሚዛን» አልኩት፤ «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ያንተ?»

«ሳላይ ነው ባዶ ብዬ የጻፍኩት።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ኪሎዬን የሚገምት ይመስል ነበር። «እንግዲያው ይሄን ብረት ለሳምንት ትራስ አድርገው። እኔ አልጭንም።»

አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። እህትየዋ አልለመነችም፣ አላለቀሰችም። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ የመኪናውን የኋላ በር ብቻ ታያለች።

«ስማኝ» አልኩት ሚዛንን። «ዘይቱን አፈሰዋለሁ። ያፈሰሰችውን የቱቦ ቀዳዳ በብሎን እዘጋታለሁ። ከሥሩ ጠርዙ የታጠፈ ላሜራ አደርግና ሰጋቱራ እሞላበታለሁ፤ ጠብታ ብትቀር እንኳ እሱ ይጠጣታል። ሞተሩ መጨረሻ ይግባ፣ በሩ ጋ፣ ከደብተሩ ራቅ ብሎ። የተበላሹትን ሁለት ካርቶኖች እኔ ራሴ ገዝቼ እተካለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ ምላስ አብቅለሃል» አለኝ። ሰዓቱን አየ። «ስድስት ሰዓት ሲሆን እጄን ከሥሩ አስገባለሁ። ጣቴ ከረጠበ አንተንም ከነሞተርህ ከበር ውጭ ነው የማወጣህ።»

ወደ ወንድምና እህቱ ተመለስኩ። ሁለቱም አፋቸውን ለእኔ ሊከፍቱ ተዘጋጅተዋል።

«ከእንግዲህ ቃል አላቀብልም» አልኳቸው። «የምትሉት ካለ ራሳችሁ ተባባሉ።» ሚስማሬን መልሼ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ሞተሩን ከነግንዱ በሰንሰለት ማንሻ አነሣነው። መካኒኩ በጀርባው ተኝቶ ከሥሩ ገባ። እኔ ላሜራውን መቁረጥ ጀመርኩ። እህትየዋ የመፍቻ ሣጥኑ አጠገብ ቆማለች።

«አሥራ ዘጠኝ» የሚል ድምፅ መጣ ከሥር። ለማን እንደሆነ አልተናገረም። እጁ ከሞተሩ ሥር ወጥቶ መዳፉ ተከፍቶ ይጠብቃል።

አልተነቃነቅኩም። እሷም አልተነቃነቀችም። እጁ ግን አልታጠፈም። በመጨረሻ ጎንበስ አለች፣ ሣጥኑ ውስጥ እጇን ሰደደች፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ እያለ፤ ቁጥሩን እንኳ ሳታነብ አሥራ ዘጠኟን መፍቻ አወጣች። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ያደገ እጅ ነው። መዳፉ ላይ ግን አላስቀመጠችለትም። ጆሮው ሥር ሲሚንቶው ላይ ጣለችው፤ ቀጭ አለ።

«ጆሮዬን ልትቆርጪው ነው?»

«ቢቆረጥስ ምን ይጎድልሃል? ሰምተህበት አታውቅ!»

«ያንቺን ጩኸት ከመስማት መደንቆር ይሻላል!»

እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ከስንት ወር በኋላ፣ በቀጥታ የተነጋገሩት።

ብሎኗ ወጣች፤ ዘይቱ ወደ ባልዲው መውረድ ጀመረ። ጥቁር ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ጠራ ያለ ነው፤ የባልዲው ታች ይታይበታል። እህትየዋም አየችው። ጎንበስ አለች።

«አዲስ ነው» አለች።

«ታዲያ የተቃጠለ ላድርግበት?»

«መቼ ነው የሞላኸው?»

«ትናንት። አስነሥቼ አዳመጥኩት፣ ከዚያ ዲናሞውን ፈታሁ። ለሞተሩ ነው ያደረግኩት፤ ላንቺ እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም! አንተ ለሞተር ነው የምታዝነው። ለብረት ዘይት ስትቀይር፣ ስታዳምጥ፣ ስታባብል፤ አባባ ሊሞት ነው ብለህ ለኔ መንገር አቃተህ!»

ከሥር የነበረው እጅ ቆመ። «ልኬብሻለሁ።»

«አላክብኝም!»

«ልኬብሻለሁ! በዚያ በነዳጅ መኪና ሹፌር! አባባ ደክሟል በላት አልኩት!»

«ደክሟል!» ድምፅዋ ጣሪያውን መታው። «አዎ፣ ደክሟል ነው ያለኝ! እኔስ ከሥራ ስገባ በየቀኑ ይደክመኝ የለም እንዴ? አባትሽ ደክሟል ተብሎ መኪና አቁሞ የሚመጣ ማነው? ይረፍ አልኩት! ይረፍ በልልኝ ብዬ ነው የመለስኩት!»

«ደርሶኛል። ይረፍ አለች አለኝ።» ከሞተሩ ሥር ወጥቶ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ ዘይት አለ። «ይረፍ! ለሚሞት ሰው ይረፍ ይባላል?»

«ሊሞት ነው አላልከኝማ!»

«ደክሟል ማለት ምንድን ነው ታዲያ? ሰው እንዲህ ሲባል አይገባውም?»

«አይገባውም! ሊሞት ነው አትልም ነበር? ሁለት ቃል ናት!»

«አፌ እንቢ አለኝ።»

ዘይቱ ወደ ጠብታ ቀንሶ ነበር። ጠብ፣ ጠብ ይላል ባልዲው ውስጥ።

«ለስድብ ግን እንቢ ብሎህ አያውቅም» አለችው። ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ ጣሪያ አልነካም።

ያን የነዳጅ መኪና ሹፌር አላውቀውም። ምን እንዳደረገ ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የሰማውን አልጨመረም፤ አልቀነሰም። ላሜራውን ማጠፌን ቀጠልኩ፤ በልቤም ለእሱም ለራሴም ይቅርታ ለመንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። መካኒኩ የማፍሰሻዋን ብሎን መልሶ አጠበቀ። የዘይት ቱቦዋን ቀዳዳ የሚዘጋ ብሎን ከነጎማው ከፒክአፑ አምጥቶ አሰረባት፤ ጨርቄን አውጥቶ አየውና «ይሄ ምንድን ነው፣ የታመመ ጥርስ ነው የመሰለህ?» አለኝ። የሚገባኝ ስድብ ነው። እህትየዋ ሰጋቱራውን በእጇ እየዛቀች ላሜራው ውስጥ በተነች። «እዚያ ጋ ሳስቷል» ይላታል። «ዓይን አለኝ» ትለዋለች። «ዓይን ካለሽ ሙያው እንዴት ጠፋሽ?» ይላል። «ሙያ ያለው ሰው ሞተር ከነዘይቱ ደብተር ላይ አይጭንም» ትላለች። ሲጣሉ እጃቸው አይቆምም፤ ይህን ልብ አልኩ። ቀበቶውን እሱ ሲስብ እሷ ትይዛለች፤ ሳይባባሉ፣ እየተሰዳደቡ።

ቀለሜን አመጣሁና ክዳኑ ላይ ልጽፍ ስል መካኒኩ እጄን ያዘኝ። «ዘይት የለውም ብለህ ጻፍ። ባዶ እንዳትል።»

«ትልቅ አድርገህ ጻፈው» አለች እሷ። «እዚያ ያለውም መካኒክ እንደዚህኛው ከሆነ፣ ሳያነብ አስነሥቶ ያቃጥልብኛል።»

ዘይት የለውም ብዬ ጻፍኩ፤ በአራቱም ጎን።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ሚዛን መጣ። ፎርክሊፍቱ ሞተሩን አነሣው፤ ሚዛን ራሱ ሹካውን ወደ ፊት አስጋደለ፣ ወደ ኋላ አስጋደለ፣ እንደገና ወደ ፊት። ከዚያ ተንበርክኮ መዳፉን ከኮፓዋ ሥር አስገባ። ሲያወጣው ሁላችንም መዳፉን ነው ያየነው። ደረቅ ነበር፤ ሰጋቱራ ብቻ ተጣብቆበታል።

«ጫኑት» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ደብተሩን ነገ ጠዋት» አለኝ።

በሩ ተዘጋ። እህትየዋ ከሹፌሩ ጎን ወጣች። ለወንድሟ እጇን አልሰጠችም፣ እሱም አልዘረጋላትም። ባልዲውን ይዞ፣ ያን የጠራ ዘይት ይዞ፣ ፒክአፑ አጠገብ ቆሟል። መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ሚዛኑን አለፈ፣ የግቢው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። እህትየዋ በመስኮት ግማሽ አካሏን አወጣች።

«ጋሼ!»

ሁለታችንም ዞርን።

«ስንት ሊትር ነው የሚይዘው?»

አፌ ውስጥ ሚስማር ነበር። ባይኖርም መልሱን አላውቀውም። ጎኔ ያለው ሰው ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስድስት!» ብሎ ጮኸ። «መለኪያውን ሳታዪ ሰባት ያደረግሽ እንደሆነ መጥቼ ነቅዬ ነው የምወስደው!»

«ና!» አለችው። «ወንድ ከሆንክ ና ንቀለው!»

መኪናው ወጣ። አቧራው እስኪወርድ ድረስ እሱ በሩን እያየ፣ አፉ ውስጥ እየተሳደበ ቆመ። ቃሉን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ለማንም ግን አላቀብልም።